ሀረጎን በስንት እንውረድ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፍጥነት ናቸው፣ ክረምቱም እየገባ ስለሆነ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ ይሄን ብቻ እንመልስ። ደብዳቤዎቹን ሀሳባቸው ሳይቀየር ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው ምሰራው፣ መጀመሪያ በረዳትነት ከዛ በሹፌርነት፣ መንገዱን እያንዳንዷን ከርቭ አይኔን ጨፍኜ ልቆጥርላችሁ እችላለው። ትራፊክ ሲያስቆመኝ ግን እንደ ትናንት ሰልጣኝ ነው ሚያየኝ። እኔ እንደሚመስለኝ የፍጥነት ወሰን የወጣው ለማያውቅ ሰው ነው፣ ልምድ ያለው ሹፌር ትንሽ አለፍ ቢያረግ ምን ችግር አለው? መኪናውም ይችላል እጄም ይችላል። ደሞ ምልክት በሌለበት ቦታስ በስንት ነው ሚነዳው? (ሹፌር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ አብሽር፣ የጠየከው ብዙ ሹፌር በሆዱ ይዞት የሚዞረውን ነገር ነው፣ በግልጽ ማንሳትህ ራሱ ጥሩ ነው። ልምድህንም አልክድም፣ ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሀረጎን ተራራ መንገድ በጉም በዝናብ በሌሊት ስትወጣ ስትወርድ የኖርክ ሰው እጅህ የሰለጠነ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ አንተ የምታውቀው መንገዱን ነው እንጂ ዛሬ መንገዱ ላይ ያለውን ነገር አይደለም። ከርቩ የትናንቱ ከርቭ ነው፣ ከከርቩ ጀርባ ግን ዛሬ ጎማ የፈነዳበት ተሳቢ ድንጋይ ደርድሮ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ዝናቡ ከላይ ድንጋይ አውርዶ ሊሆን ይችላል፣ በግ የሚነዳ ልጅ ሊኖር ይችላል፣ መብራት የሌለው ባጃጅ ሊኖር ይችላል። እነዚህን በልምድ አታውቃቸውም፣ ማወቅ ምትችለው ስታያቸው ብቻ ነው። ስለዚ ጥያቄው እጄ ይችላል ወይ ሳይሆን "አሁን የማየው ቦታ ውስጥ ጨርሼ መቆም እችላለው ወይ" ነው መሆን ያለበት።

ቁጥሩን እንየው። ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፣ በዛ ጊዜ መኪናው በነበረበት ፍጥነት እየሄደ ነው። ጎማህ ጥሩ ከሆነ አስፋልቱ ደረቅና ሜዳ ከሆነ፣ በ40 ስትነዳ አይተህ እስክትቆም 25 ሜትር አካባቢ ትሄዳለህ፣ በ60 ከሆነ 45፣ በ80 ከሆነ ደሞ ወደ 70 ሜትር። አየህ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መቆሚያው እጥፍ አይደለም ሚሆነው፣ ወደ ሦስት እጥፍ እየተጠጋ ነው፣ ምክንያቱም ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር (ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ) ነው ሚያድገው። አስፋልቱ ሲረጥብ ወይ ቁልቁለት ሲሆን ወይ መኪናው ሲጫን ቁጥሩ ከዚህም ይረዝማል።

አሁን ይሄን ወደ ሀረጎ አምጣው። ተራራው የሸፈነው ከርቭ ላይ 30 ሜትር ብቻ ይታይሀል እንበል፣ ዞር ስትል መሀል መንገድ ላይ ድንጋይ አለ። በ40 ከነበርክ ትቆማለህ፣ ልብህ ይደነግጣል እንጂ ምንም አትሆንም። በ60 ከነበርክ ግን እግርህ ፍሬን እስኪነካ 25 ሜትሩ አልቋል፣ የቀረህ አምስት ሜትር ነው፣ ድንጋዩን በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ትመታዋለህ። በአንተና በ40 ነድቶ በቆመው ሰው መሀል ያለው ልዩነት የፍጥነት ቆጣሪው ላይ 20 ቁጥር ናት፣ የእጅ ችሎታ እዚህ ጋ ምንም አይሰራም ምክንያቱም እጅህ ገና አልደረሰም። ደግሞ ይሄ የቆመ ነገር ሲሆን ነው፣ ከፊትህ ደርቦ የሚመጣ አይሱዙ ከሆነ የምታየው ቦታ ለሁለታችሁም ነውና ግማሹ ብቻ ነው ያንተ።

ለዚህ ሁሉ የምታተርፈው ስንት ነው? ደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ በ40 ብትሄድ 37 ደቂቃ ተኩል፣ በአማካይ በ50 ብትሄድ 30 ደቂቃ። ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው በቃ፣ እሷንም መናኸሪያ ተራ ስትጠብቅ ትጨርሳታለህ። ገቢ ላይ ጫና እንዳለ አውቃለው፣ ባለቤቱ ሂሳብ ይጠብቃል፣ ተራ ያልፋል፣ ይሄን ቀላል ነገር ነው አልልህም። ግን ያ ጫና መነሳት ያለበት ከስምሪቱና ከሂሳቡ ላይ እንጂ ከርቭ ላይ መካካስ የለበትም፣ ከኋላህ ያሉት ሰዎች ለሰባት ደቂቃ ብለው አልተስማሙልህም።

የዓለም ጤና ድርጅት በየጊዜው የሚያወጣው ነገር አለ፣ አማካይ ፍጥነት አንድ በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ አራት በመቶ ይጨምራል። እግረኛን በተመለከተም መኪና በ65 ሲመታው የመሞት እድሉ በ50 ከሚመታው 4.5 እጥፍ ነው ይላል። ልብ በል፣ ይሄ ቁጥር ሹፌሩ ልምድ ያለው ነው የሌለው ነው ብሎ አይለይም፣ የተመታው ሰውም አይለይም።

ወሰኑ ላይ ስንመጣ፣ ክቡ ቀይ ቀለበት ውስጥ ያለው ቁጥር ጣሪያ ነው፣ ከዚህ አትለፍ ነው ሚለው እንጂ በዚህ ንዳ አይልም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሳሳተው፣ 50 ካለ 50 የኔ መብት ነው ይላል ጉም ቢኖርም። ምልክት በሌለበት ደሞ ወሰን የለም ማለት አይደለም፣ ሕጉ እንደ መኪናው ዓይነትና ክብደት፣ እንደ መንገዱ ደረጃ፣ ከተማ ውስጥ ነህ ከከተማ ውጭ ነህ እያለ ለይቶ አስቀምጦታል፣ መኪናው በከበደ ቁጥር ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ የራስህን መኪና ቁጥር ካልያዝከው ትራፊክ ጽፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ፣ አያሳፍርም። ከዛ ጣሪያ በታች ያለውን ውሳኔ ነው አንተ ምትወስነው፣ ችሎታህም የሚታየው እሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ኮምቦልቻ ነው ምኖረው፣ ልጄ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ አወጣ። እንግሊዝ ሀገር ያለው አጎቱ "አድቫንስድ ድራይቨር" የሚባል ፈተና አለ፣ ከተራው መንጃ ፈቃድ በላይ ነው ብሎ ነገረው፣ ልጁ ከዛ ጀምሮ እሱን ካልሆንኩ እያለ ነው፣ ሲነዳ ግን ይፈጥናል። ጎረቤታችን ደሞ ከፍተኛ ሹፌር ማለት አምስተኛ ያለው ነው፣ ተሳቢ የሚነዳ ነው ይላል። እኔ ግራ ገባኝ፣ የቱ ነው ትክክል? (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እናቴ፣ ጎረቤትዎ የሚሉት የመኪና ዓይነት ነው። ድሮ ሦስተኛ አራተኛ አምስተኛ እንል የነበረው፣ አሁን ደሞ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ እየተባለ የሚለየው ምን መንዳት እንደተፈቀደልዎ ነው የሚናገረው፣ እንዴት እንደሚነዱ አይናገርም። አምስተኛ ይዞ በጣም ጨዋ የሆነ ሹፌር አለ፣ አምስተኛ ይዞ ሰው የሚያስለቅስም አለ፣ አውቶሞቢል ብቻ የሚነዳ ሆኖ ከሁለቱም የሚበልጥም አለ።

የልጁ አጎት ያለው ነገር ግን እውነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኢንስቲትዩት ኦፍ አድቫንስድ ሞተሪስትስ ይባል የነበረ፣ አሁን አይኤኤም ሮድስማርት የሚባል ድርጅት በ1956 እ.ኤ.አ ተቋቁሞ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በፈቃዳቸው ተጨማሪ ፈተና እንዲወስዱ ያደርጋል፣ ዘዴው የተወሰደው ፖሊሶች ከሚሰለጥኑበት አነዳድ ነው። ሮስፓ የሚባል ሌላም አለ፣ እሱ ወርቅ ብር ነሐስ ብሎ ደረጃ ይሰጥና በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይፈትናል፣ እኔ ይሄ በየሦስት ዓመቱ የሚለውን በጣም ነው ምወደው፣ አንዴ ጎበዝ የተባለ ሰው ለዘላለም ጎበዝ ነው ብለው አይተዉትም።

ልጅዎ መስማት ያለበት ግን ይሄን ነው፦ ያ ፈተና ላይ ከወሰን በላይ የነዳ ሰው አያልፍም። እዛ ሀገር በተራ የከተማ መንገድ ጣሪያው 30 ማይል ነው፣ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ዌልስ ውስጥ እንደውም ከ2023 እ.ኤ.አ ጀምሮ ብዙው የሰፈር መንገድ ወደ 20 ማይል ወርዷል። ፈታኙ አጠገብ ተቀምጦ ሰውየው ምልክቱን ቀድሞ አየው ወይ፣ 30 የሚለው ሳይደርስ ነዳጅ ለቀቀ ወይ ወይስ ካለፈው በኋላ ፍሬን ረገጠ፣ ይሄን ይሄን ነው ሚያየው። በሌላ በኩል መንገዱ ጥሩ ሆኖ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ያለ ምክንያት እየተንቀረፈፈ ሰው የሚያስቸግርንም አይወዱትም። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ነው፣ ፍጥነቱ ካየው ነገር ጋር ይሄዳል ወይ።

ዘዴው በቅደም ተከተል ነው ሚሄደው፣ መጀመሪያ ማየትና ማሰብ፣ ከዛ ቦታ መያዝ፣ ከዛ ፍጥነት ማስተካከል፣ ከዛ ማርሽ፣ መጨረሻ ላይ ነዳጅ መስጠት። ከርቭ ላይ ሲሆን ፍሬኑም ማርሹም ከርቩ ሳይጀምር ነው ሚያልቀው። ታዲያ በስንት እንደሚገባ በምን ያውቃል ካሉኝ፣ አይኑን የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ሩቅ ላይ የሚገናኙ የሚመስሉበት ቦታ ላይ ይጥላል። ያ ቦታ ወደ እሱ እየቀረበ ከመጣ ከርቩ እየጠበበ ነው ገና ይቀንስ፣ ባለበት ርቀት ከቆየ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ እየሸሸ ከሄደ መንገዱ እየተከፈተ ነውና ነዳጅ መስጠት ይችላል። ይሄ ሀረጎ ላይ ከየትኛውም ልምድ በላይ ይሰራል፣ መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው እንኳ ይጠቀምበታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ውጭ ሀገር ቪድዮ ላይ የተሻለ ለማየት ወደ መሀል ጠጋ በል ይላሉ፣ እኛ ጋ ተሳቢ ሲታጠፍ ጅራቱ መስመር ስለሚቆርጥ ልጅዎ መስመሩን ይያዝ እንጂ ወደ መሀል እንዳይጠጋ።

እዚህ ፈተናው የለም ብሎ እንዳይከፋው፣ ትምህርቱ አለ። አንድ ቀን አጠገቡ ይቀመጡና የሚያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ እያወራ ይንዳ፣ እዛም በዚህ መንገድ ነው ሚያሰለጥኑት። "ከፊቴ አይሱዙ አለ፣ አንዱ የፍሬን መብራቱ አይበራም፣ ትንሽ ልራቅ። በቀኝ ተማሪዎች ወጥተዋል፣ አንዱ ኳስ ይዟል፣ ነዳጅ ለቀኩ። ባጃጁ ሰው ሊያወርድ ነው፣ ፍሬቻ አላሳየም ግን ወደ ዳር እያየ ነው። ስፖኪዮ አየሁ፣ ከኋላ ሚኒባስ ተጠግቶኛል፣ በቀስታ ነው ምቀንሰው።" እንዲ እያለ ይቀጥል። መጀመሪያ ያፍራል፣ ከዛ የሚለው ያጣል፣ የሚለው ያጣበት ቦታ ደሞ ያላየበት ቦታ ነው። ፍጥነቱን መቀነስ ሳይነግሩት ራሱ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም በ80 እየነዳ ያየውን ሁሉ ለመናገር ምላሱ አይደርስለትም። ሌላም የሚያዩበት ነገር አለ፣ ሰው ሲቀድመው ዝም ብሎ ያሳልፋል ወይስ እልህ ይይዘዋል? እልህ ከያዘው ቁልፉን ለጊዜው እርስዎ ጋ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ደረቅ ጭነት ነው ምጭነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ እያረኩ (ማርሽ አውጥቼ) በፍሬን ነው ምይዘው፣ ድሮ አለቃዬም እንዲ ነበር ሚያረገው። አሁን አሁን ግን ፍሬኑ ይሸታል፣ አንዴም ታች ስደርስ ፔዳሉ ላይ የለመድኩትን ያህል አልይዝ ብሎኝ ነበር። የፍሬን ሸራ ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ነው? (የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሸራውንም፣ ሸራው የሚይዘውን ታምቡርም፣ ፍሬኑ የሚሰራበትን አየርም መካኒክ ያሳዩ፣ ያንን ሳያሳዩ እባክዎን ጭነት ይዘው እንዳይወርዱ። ዋናው ነገር ግን ፎሌው ነው፣ እሱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ይሄን ስልዎ ለማስፈራራት አይደለም፣ ሽታው ራሱ እየነገረዎ ስለሆነ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ስለዚ ከ600 ሜትር በላይ ነው ሚወርዱት። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት፣ ሲሰላ ከ500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ማርሽ ውስጥ ከሆኑ ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይሸከመዋል። ፎሌ ካረጉ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሸራና ታምቡር ላይ ነው ሚያርፈው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ሸራውም ከልክ በላይ ሲሞቅ መያዝ ያቅተዋል፣ ያኔ ፔዳሉን ቢረግጡትም መኪናው አይሰማም። ደጋግመው ሲረግጡ ደሞ ኮምፕረሰሩ ከሚሞላው በላይ አየር ይጨርሳሉ። በፍጥነት እየወረዱ ማርሽ ልመልስ ቢሉ አይገባልዎትም፣ ስለዚ ፎሌ ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ሁለተኛ አማራጭ የለም።

የቆየው ዘዴ አሁንም ትክክል ነው፣ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ወይ ከዛ በአንድ ዝቅ ብለህ ውረድ የሚለው። ማርሹን የሚይዙት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከላይ ነው፣ ሞተር ፍሬን ካለው ይክፈቱት። ከዛ ፍሬኑን ቀለል አርጎ ተጭኖ መቆየት ሳይሆን፣ ፍጥነቱ ከወሰኑት ሲያልፍ ጠንከር አርገው ይርገጡና በአስር ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፣ በመሀል ይቀዘቅዛል። የወሰኑት ፍጥነት ምልክቱ ላይ ካለው በታች ቢሆንም ይሁን፣ ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋ ይንፋ፣ ሰፊ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው ያሳልፉት።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ ሳይሰጡ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል፣ ፎሌ ሲያረጉ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። የድሮዎቹ ላይም ቢሆን የምትተርፈው ትንሽ ናት፣ የአንድ ታምቡር ዋጋ እንኳ አይሸፍንም። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድም እንዳለ ሰምቻለው፣ መሪው ይከብዳል አየርም አይሞላም፣ ስለዚህ ነገር ብዙ ማውራት አያስፈልግም፣ አይደረግም በቃ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ደሴ መውጫ ላይ ጉሙ ሲወርድ ረጅም መብራት ይሻላል አጭር? አራቱን ፍሬቻ አብርቶ መንዳትስ? (ከደሴ)

መልስ፦ አጭር። ረጅሙ ጉሙ ላይ ተመልሶ አይንህ ውስጥ ነው ሚገባው፣ የጉም መብራት ካለህ እሱን ጨምር። አራቱን ፍሬቻ እየነዳህ አታብራ፣ ከኋላ ያለው ሰው ቆመህ ነው እየሄድክ ነው ብሎ ይቸገራል፣ ልትታጠፍ ስትልም ምልክትህ አይታይም፣ ለቆመ መኪና ተወው። ፍጥነቱን ከላይ ለሚኒባሱ ወንድማችን ባልነው መንገድ አስላው፣ 20 ሜትር ብቻ ከታየህ 40 ራሱ ይበዛል።

ጥያቄ፦ እኔ ሹፌር አይደለሁም፣ ለስራ በየቀኑ ደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ሹፌሩ ሲፈጥን ቀስ በል ስለው "ካልተመቸሽ ውረጂ" ነው መልሱ፣ ሌላው ተሳፋሪም ዝም ይላል። ምን ላድርግ? (ተሳፋሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ መናገርሽ ልክ ነው፣ ገንዘብ ከፍለሽ በሰላም ልትደርሺ ነው የገባሽው። ግን ከርቭ መሀል ላይ አትጩሂበት፣ የተናደደ ሹፌር ይብስበታል። ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ወይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም በስሙ ወይ በወንድምነት ጠርተሽ በቀስታ ንገሪው፣ አጠገብሽ ያለችውንም ሴት ወይ ሽማግሌ ካሉ እሳቸውን ቀድመሽ አናግሪያቸው፣ ሦስት ሰው አንድ ላይ "ወንድሜ አንቸኩልም" ሲል ውረዱ ማለት ይከብደዋል። ካልሰማ መውረድ የሚቻልበት ቦታ ላይ ውረጂ፣ ጫካ ውስጥ አይደለም፣ ሰው ያለበት መንደር ላይ። ታርጋውን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈሽ ያዢና ለመናኸሪያው ስምሪት ወይ ለትራፊክ ፖሊስ ስጪ፣ "ይፈጥናል" ብቻ ካልሽ ማንም ምንም አያረግም፣ ታርጋና ሰዓት ካለ ግን መጠየቅ ይቻላል። በማግስቱ ደሞ በቀስታ የሚነዳውን ሹፌር መርጠሽ ተሳፈሪ፣ ባልደረቦችሽም እንደዛ ያርጉ፣ መናኸሪያ ላይ የማን መኪና ቀድሞ እንደሚሞላ ሹፌሮቹ በደንብ ያያሉ።